አራተኛዋ ጽዮን

ታዲዎስን ቂርቆስ ውስጥ የማያውቀው የለም፤ ማወቁ ግን ማንንም አልጠቀመም። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ይሠራል። ሸሚዙ ሁሌም የተተኮሰ ነው፤ ሐሳቡ ሁሌም የተጨማደደ። ክፉ ነው አልልም። ክፋትም እኮ ትንሽ ማሰብ ይፈልጋል።

ይህ ሰው አንድ እምነት አለው፤ እግዜር በሴት ስም ምልክት ይልክልኛል ይላል። የመጀመሪያ ፍቅረኛው ጽዮን ትባላለች፤ አብረው ነበር የተማሩት። እሷ ሐዋሳ ሄዳ አንድ ባለጋራዥ አገባች። ከዓመታት በኋላ ስታዲየም አካባቢ የተዋወቃት ሴትም ጽዮን ሆነች። እሷ ደግሞ ሰለቻትና ስልኩን ማንሳት ተወች። በሁለት ሴት መተው ለሌላው ሰው ትምህርት ነው፤ ለእሱ ግን ራእይ ሆነለት። ሁለቱም ጽዮን፣ በቃ፣ ይኼ ዝም ብሎ አይደለም እያለ ላገኘው ሁሉ ይተርካል። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ ነው እላለሁ። የኛ ሰፈር እናቶች ሴት ልጅ በወለዱ ቁጥር ጽዮን ሲሉ ነው የኖሩት፤ ቂርቆስ መሀል ቆመህ ጽዮን ብለህ ብትጣራ ግማሹ መንደር አቤት ይልሃል።

መቼም ልብ አያመዛዝንም፣ ሀብትነሽ ይኼንን ሰው ወደደችው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብላ ባለች አንዲት ክፍል የሀበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፤ እኔም እዚያው አጠገቧ ክርና ጥለት እሸጣለሁ። እጇ ወርቅ ነው፣ ጠባይዋም እንደዚያው። ስንት ደህና ሰው ጠይቋት በእሱ ምክንያት መልሳለች። ሦስት ዓመት ካስጠበቃት በኋላ እንደ ምንም ሽማግሌ ላከ፤ ቤተሰቧም እሺ አሉ። የሠርጓን ቀሚስ ራሷ መስፋት ጀመረች።

ጥልፉ ሳያልቅ እነ ታዲዎስ ቢሮ አዲስ ገንዘብ ያዥ ተቀጠረች። ስሟን መንገር አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱቃችን መጥቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና፣ እኔ እየሰማሁ፣ ከእግዜር ጋር መጋፋት እንደማይችል አስረዳት። ሀብትነሽ የሚባል ስም በሕይወቱ ምልክት ሆኖ አያውቅም አላት። ማለቴ፣ ሰው እኮ ሌላ ወድጃለሁ ይልና ይሄዳል። እሱ ግን እግዜርን ምስክር ጠርቶ ነው የሰው ልጅ ያዋረደው። ሀብትነሽ እሱ ፊት አላለቀሰችም። ከወጣ በኋላ የሠርጓን ቀሚስ አፏ ላይ ጭና ተንሰቀሰቀች፤ ከዚያም ለወራት እህል አልቀምስ አለች።

ሦስተኛዋ ጽዮን ግን ስለ ምልክቱ ሲነግራት ሳቀችበት። ትምህርት ቤት ሳለች ጽዮን ስለበዛ በአባት ስም ይጠሯቸው እንደነበር፣ እጮኛም እንዳላት ነገረችው። ወሬው ቢሮውን አዳረሰ። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት ይኼ ነው። እኔማ ያን ቀን እራቴ ጣፈጠኝ።

በዓመቱ ጥር ላይ ቂርቆስ ሲነግሥ ከሀብትነሽ ጋር ሄድን። ለቤተ ክርስቲያን የሚገባ ጥላ ገዝታ ነበር፤ ስእለቷ ደርሶላት ነው። ምን እንደተሳለች አልጠየቅኳትም፣ የሰው ስእለት አይጠየቅም። ስእለት ሲገባ ደግሞ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው፤ ያን ስም ከእናትና ከንስሐ አባት በቀር የሚያውቀው ብዙ ሰው የለም። ካህኑ ጥላውን ተቀበሏትና ስሟን ጠየቋት። ከዚያ ወለተ ጽዮን ስእለቷ ሠምሮላት ለቂርቆስ ጥላ አስገብታለችና እልል በሉ ብለው አወጁ።

ሕዝቡ እልል ሲል ታዲዎስ ሰው እየገፈተረ መጣ። ነጠላው መሬት ይጎተታል፣ ፊቱ ቦግ ብሏል። ለካ ጽዮን እሷ ኖራለች፤ ምልክቱ ሁሉ ወደ እሷ ሲመራው ሞኝ ሆኖ ሳያስተውል ቀርቷል፤ አሁኑኑ ሽማግሌ መልሶ ይልካል። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈው። እኔ ሞኝ የሚለው ላይ ብቻ ተስማማሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«አልጠየቅከኝም» አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍር ነበር። እሱ ካህኑ የያዙትን ጥላ አየና ጭራሽ ፈገግ አለ።

«ስእለቱ ስለ እኔ ነው አይደል?»

እኔ ብሆን በጫማዬ እለው ነበር። ሀብትነሽ ግን ቁጣም አልነበራት፣ መንገድ እንደጠየቃት ሰው ነበር የመለሰችለት።

«አዎ፣ ስለ አንተ ነው» አለችው። «ከልቤ እንዲያወጣህ ተስዬ ነበር። አወጣልኝ።»