ጋሽ ጥላዬ የሚያቃጥሉት እንጨት

ደብረ ታቦር ውስጥ አናጢ ሞልቷል። የልጆች መጫወቻ የሚሠሩት ግን እኔ እስከማውቀው ጋሽ ጥላዬ ብቻ ናቸው። እሳቸው ራሳቸው እንኳ ሥራቸውን ለጠየቃቸው ሰው "በርና መስኮት" ብለው ነው የሚመልሱት። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። የይፋግ ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሙያ ሊማሩ መጥተው በዚያው ቀሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅም አልወለዱም። ይህን የምናገረው እንዲታዘንላቸው ብዬ አይደለም። የሚያዝንላቸውን ሰው ጨርሶ አይወዱም።

እኔ መሠረት እባላለሁ። ከጋሽ ጥላዬ ደጅ ፊት ለፊት ባለው መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ፤ ቤቴም እዚያው አጠገባቸው ነው። ስለ ልጆች ጨዋታ የሦስት ሳምንት ሥልጠና ወስጄ፣ የምስክር ወረቀቴን ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ። ስለዚህ ጋሽ ጥላዬ መጀመሪያ የሠሩልንን መኪና ሳይ ሳቄ መጣ። በር የለው፣ መስኮት የለው፤ አራት ጎማ የተገጠመለት ግንድ ነው።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ አላለቀም" አልኋቸው።

"በሩንም መስኮቱንም እኔ ከሠራሁት ልጁ ምን ሊሠራ ነው?" አሉኝ።

ተናደድሁ። በማግስቱ ግን ያ ግንድ ጠዋት አውቶቡስ፣ ረፋድ ላይ በሬ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታመመ ሕፃን ሆኖ ታዝሎ ዋለ። ከባሕር ዳር ያስመጣነው ባለ ባትሪ መኪና ሁለት ቀን ጮኾ ጥግ ይዞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምስክር ወረቀቴ ብዙም አላወራሁም።

ጋሽ ጥላዬ አዲስ መጫወቻ ሲሠሩ ደጃቸው ባለችው የድንጋይ ደረጃ ላይ ያስቀምጡትና ዞር ብለው እንጨታቸውን ይልጋሉ። ያላዩ መስለው ያያሉ። ልጅ አንሥቶት ቢስቅ ደንታ የላቸውም። "ጥሎት ሄዶ ከተመለሰበት ነው መጫወቻ የሚባለው" ይላሉ። ማንም ካልተመለሰበት ፈርሶ ሌላ ነገር ይሆናል።

ሌላም ልማድ አላቸው። የሬሳ ሳጥንም ይሠራሉ። ከበርና ከመስኮት የተረፈውን ቁራጭ እንጨት ልጆች እንዲጫወቱበት ደጅ ላይ ይበትኑላቸዋል። ከሬሳ ሳጥን የተረፈውን ግን አንዲት ስንጣሪ ሳያስቀሩ እዚያው ደጃቸው ላይ ያቃጥሉታል። የሙት እንጨት ልጅ እጅ እንዳይገባ ነው። እኛም ይህን ጥንቃቄያቸውን እንወድላቸው ነበር።

ትዝታ የስድስት ዓመት ተማሪዬ ናት። እናቷ ሠናይት ጓደኛዬ ነበረች። ዓመት ሙሉ ታማ፣ ጥር ላይ ለሙቅ ውሃው ብላ ወንዛዬ ወረደች፤ በሳምንቱ ሬሳዋ መጣ። ሳጥኗን ጋሽ ጥላዬ በዚያው ጠዋት ሠሩ። ትዝታን ቀብሩ እስኪያልቅ እኔ ቤት አዋልናት። እናቷን ስትጠይቅ "ወንዛዬ ናት፤ ሲሻላት ትመጣለች" ተባለች። ያልኋት እኔ ነኝ።

እኛ ዘንድ ለአዋቂ መርዶ ሲነገር ወግ አለው። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚደግፈው ሰው ከጎኑ ሆኖ ነው የሚረዳው። ለልጅ ግን ማንም ጎህ አይጠብቅለትም፤ ሲያድግ ይደርስበታል ይባላል። ትዝታ እማማ የምትላቸው አያቷ እትዬ አበበች ጥቁር ለብሰው "የሩቅ ዘመድ ሞቶብኝ ነው" ይሏታል። እንባቸው ሲመጣ ጓሮ ይሄዳሉ።

ትዝታ መጫወት ተወች። እጆቿን ጭኗ ሥር ወሽቃ ትቀመጣለች። ዘፈኑን፣ ሥዕሉን፣ ሥልጠናው ያስተማረኝን ሁሉ ሞከርሁ። ወር አለፈ። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ጋሽ ጥላዬ ዘንድ ሄድሁ።

"እናቷን ማንም አይመልስላትም" አልኋቸው። "ጨዋታዋን ግን እባክዎ ይመልሱልኝ።"

ጋሪ ሠሩላት፤ አልነካችውም። አሻንጉሊት ሠሩላት፤ ተቀብላ አገላብጣ አየቻትና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን ትተው ሦስት ቀን በእረፍት ሰዓት አጥራችን ላይ ተደግፈው ሲያዩዋት ቆዩ።

"የጠመኔሽን ካርቶን ስትከፍትና ስትዘጋ አላየሻትም?" አሉኝ በአራተኛው ቀን።

አላየሁም ነበር።

ከዋንዛ ባለ ክዳን ትንሽ ሳጥን ሠሩ። ቀለም አልቀቧትም፣ ጌጥ አላደረጉባትም። ምን እንደሚገባባት ብጠይቃቸው "እሱን እሷ ታውቃለች" አሉኝ። ደረጃው ላይ አስቀምጠዋት ዞር አሉ። ትዝታ አነሣቻት፣ ከፈተቻት፣ ዘጋቻት። አስቀምጣት ሄደች። ከዚያም ተመለሰች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ጋሽ ጥላዬም መላጊያቸው ላይ እንዳጎነበሱ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ተሰልፈው ሲሄዱ አየሁ። ትዝታ አንዲት ስንጥር እንጨት በነጭ ጨርቅ ገንዛ ሳጥኗ ውስጥ አስተኝታለች። አራት ልጆች ሳጥኗን ይዘዋል። እሷ ከኋላ ከኋላ ደረቷን እየመታች "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች። አጥሩ ሥር ጉድጓድ ተቆፍሯል።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳጥኗን ከእጃቸው ነጠቅሁ። ወር ሙሉ ጨዋታ የለመንሁላት እኔው ነጠቅኋት። በአንድ እጄ ትዝታን፣ በሌላው ሳጥኗን ይዤ መንገዱን ተሻገርሁ።

"ምን ዓይነት ሟርት ነው የሠሩልኝ?" ብዬ ጮኽሁባቸው።

ጋሽ ጥላዬ ሳጥኗን ከፍተው አዩና ትዝታ ፊት ቁጢጥ አሉ።

"ማናት የተኛችው?"

"እማዬ ናት።"

"እናትሽ ወንዛዬ ናት አላሉሽም?"

"ብለውኛል።"

"ታዲያ ይህን ማን ነገረሽ?"

ትዝታ ደጁ ላይ በእሳት የጠቆረውን መሬት በጣቷ አሳየቻቸው። "አንቱ ነዎት። ቲቸር ቤት የዋልሁ ቀን ቁራጩን አልሰጡንም፤ አቃጠሉት። ቲቸርም በመስኮት እያዩ ያለቅሱ ነበር። ሽንኩርት ነው አሉኝ። ሽንኩርት ግን አልነበረም።"

ጋሽ ጥላዬ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። "ሌሎቹስ ልጆች ያውቃሉ?"

"ሁላችንም እናውቃለን። ሲያቃጥሉ ሰው ሞቷል ማለት ነው።"

"እኔ እናንተን የማያችሁ መስሎኝ፤ ለካ የምታዩኝ እናንተ ናችሁ" አሉ።

"እያወቅሽ ለምን አልነገርሽንም?" አልኋት እኔ።

"እማማ ያለቅሳሉ ብዬ።"

በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ጎረቤቱን የሰበሰቡት ጋሽ ጥላዬ ናቸው። እትዬ አበበች "ለሕፃን መርዶ? ምን ጉድ ነው?" ብለው ነበር፤ ሳጥኗን ሲያሳዩዋቸው ግን በሩን ከፈቱልን። ትዝታን ቀስቅሰን መካከላችን አስቀመጥናት። ጋሽ ጥላዬ እንደ ወጉ ቆመው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው አድርገው "ልጄ፣ እናትሽ ሠናይት አርፋለች" አሏት።

የምታውቀውን ነገር ነው የሰማችው። ግን ያን ጠዋት ያለቀሰችውን ለቅሶ ዛሬም አልረሳውም። እኔ አቅፌያት ነበር። እትዬ አበበች እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሊወጡ ሲነሡ፣ ትዝታ ከእቅፌ ወጥታ ቀሚሳቸውን ያዘች።

"እማማ፣ ጓሮ አይሂዱ" አለቻቸው። "አንቱም እዚህ ያልቅሱ።"

ሳጥኗን ይቅርታ ጠይቄ መለስሁላት። ጋሽ ጥላዬ ዛሬም የሬሳ ሳጥን ቁራጭ ያቃጥላሉ፤ ልጅ መጥቶ "የማን ነው?" ካላቸው ግን የሟቹን ስም ይነግሩታል። ትዝታ ከትምህርት ስትወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳጥኗን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። አስቀምጣት ወደ ልጆቹ ትሮጣለች፤ ተመልሳ ትመጣለች።

አንድ ቀን ከጋሽ ጥላዬ ጋር ሆነን ስናያት፣ ደስ ይላቸው መስሎኝ "ጋሼ፣ ተሳካልዎ እኮ" አልኋቸው።

"በዕድሜዬ እንዲህ የተሳካልኝ መጫወቻ የለም" አሉኝ። መላጊያቸውን አስቀመጡ። "ልጅ እናቷን ከምታስተኛበት፣ ምነው ባልተሳካልኝ ኖሮ።"