ማሻሻያው ሳያልቅ የተነቀለው ሶኬት

ተምዋ ሎንግዌ ማንኛውንም ነገር «አዎ» ከማለቷ በፊት አጥብቃ የምትመረምር ሴት ናት። በሐይቅ ዳሯ ከተማ በንካታ ቤይ ገበያ ኡሲፓ የሚባለውን ዓሣ ስትገዛ እንኳ ከላይ የሚታየውን አታምንም፤ እጇን እስከ ቅርጫቱ ወለል ሰድዳ ከታች ያሉትን ትናንሽ ዓሣዎች ታወጣና ታሸታለች። ሻጮቹም «መርማሪዋ መጣች፤ ቅርጫታችሁን ያዙ!» እያሉ ይሣሣቁባታል። እርሷ አትቆጣም። ይህን ጠባይ የሰጣት ሥራዋ ይሁን፣ ወይስ ወደ ሥራው ያመጣት ጠባይዋ፣ እርግጠኛ ሆና መናገር አትችልም።

ሥራዋ ከወደቡ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ባለችው ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ጣቢያዋ ያላት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሲሆን በውስጡ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሊኑክስ የተባለ ሶፍትዌር ተጭኗል። ዘፈኑም፣ ዜናውም፣ የቀብር ማስታወቂያውም የሚያልፈው በእርሱ ነው። ባለፈው ክረምት ጠፍቶ የተመለሰ መብራት የድምፅ ማቀላቀያውን አቃጥሎታልና፣ ማይክሮፎኑ ሳይቀር ከኮምፒዩተሩ ጋር ተያይዟል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ዝም ካለ ጣቢያዋ ዝም አለች ማለት ነው።

ያን ሰሞን ደግሞ ዝም ማለት ጀምሮ ነበር። ፕሮግራሞቹን በተራ የሚያጫውተው ሶፍትዌር በአንድ የቀብር ማስታወቂያ መካከል፣ የሟቹ ስም ተጠርቶ የልጆቹ ስም ሳይጠራ፣ ቀጥ አለ። ቤተ ዘመዱ ኮረብታውን ወጥቶ «ዘር የሌለው አስመሰላችሁት!» ሲል ተቆጣ። ተምዋ ጉድለቱ በአዲሱ ዕትም መታረሙን አነበበች። ነገር ግን ሊኑክስ ላይ አንድ ሶፍትዌር ብቻውን አይመጣም። እንደ ሠርግ እንግዳ ነው፤ አንዱን ሲጠሩት የሚደገፍባቸውን ሁሉ አስከትሎ ይመጣል፤ ተከታዮቹም የየራሳቸው ተከታይ አላቸው። ሁሉም የሚወጡት ከታወቀ ማከማቻ፣ የባለቤቶቹን ማኅተም ይዘው ነው፤ ማኅተም የሌለውን ማሽኑ ከደጅ ይመልሰዋል። ይህ ለተምዋ መጽናኛዋ ነበር። የሚያስፈራት እንግዶቹ ሲገቡ ከነባሮቹ ማን እንደሚወጣ ነው። ስለዚህ ኔትወርኩ ሳይጨናነቅ በየማለዳው የሶፍትዌሮቹን ጥቅሎች ጥቂት በጥቂት እያወረደች አጠራቀመች፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም አነበበች፣ መልሳ አነበበች፤ የሚያሰጋ ነገር ባታገኝም ሰጋች።

በመረጠችው ቀን ማለዳ ወንድሟ ዎንጋኒ መረቡን ተሸክሞ በደጇ ሲያልፍ ፊቷን አይቶ ቆመ።

«እህት ዓለም፣ ምን ሆነሽ ነው? ቀብር አለ እንዴ?»

«ዛሬ ኮምፒዩተሩን ላሻሽለው ነው።»

«ታዲያ የሚታከመው እሱ፣ የምትንቀጠቀጪው አንቺ?»

«አንተ ብቻ ሬዲዮ ሳትሰማ ወደ ሐይቁ እንዳትወጣ።»

«ሬዲዮሽ ዝም ካለ አየሩ ሰላም ነው ማለት ነው። እኛ ዳርቻ ላይ ያለን ሰዎች እንደዚያ ነው የምንፈታው» አለና እየሳቀ ሄደ።

አባባሉ ቀልድ ብቻ አልነበረም። ዓሣ አጥማጆቹ ጀንበር ስትጠልቅ ፋኖስ ይዘው ይወጣሉ፤ ስልካቸውን ውሃ እንዳይበላው ቤታቸው ይተዋሉ። ከመውጣታቸው በፊት በዓሣ ማድረቂያው አጠገብ ሬዲዮ ከፍተው የነፋሱን ወሬ ይጠብቃሉ፤ ወሬ ከሌለ ይወጣሉ።

ከቀትር ፕሮግራም በኋላ ጣቢያዋ ስታርፍ ተምዋ ትዕዛዙን ጻፈች። ማሽኑ ይቀጥል እንደሆነ ጠየቃት። ጣቷን «አዎ» በምትለዋ ፊደል ላይ እንዳኖረች ጥቂት ቆይታ ተጫነች፤ ነጫጭ የጽሑፍ መስመሮች በጥቁሩ ስክሪን ላይ መውረድ ጀመሩ። ኮምፒዩተሩ ከባትሪ ጋር ስለተያያዘ መብራት ቢጠፋ አያሰጋም። መስመሮቹ ያለ እንቅፋት ሲወርዱ ብታይ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችምና፣ የበቆሎ ገንፎዋን፣ ንሲማ፣ ልትበላ ወጣች። ለጣቢያው ኃላፊ ለአባባ ምሆኔ «እየሠራ ነው» አለቻቸው። «እንዳይነካ» ማለት ግን አልመጣላትም።

እርሷ ከወጣች በኋላ ማሽኑ ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። የድምፁን ቅንብር ቀድሞ ተምዋ በእጇ አስተካክላው ነበርና፣ የእርሷ ይቆይ ወይስ በአዲሱ ይተካ ብሎ መልስ መጠበቅ ያዘ። መስመሮቹ ቆሙ። አባባ ምሆኔ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ተመለከቱት፤ የቆመ ነገር የሞተ መሰላቸው። በዚያው ቅጽበት አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል ማን ይመካከራል? ሽማግሌውም ሕፃኑም ወደ ሶኬት ይሮጣል፤ ተመልሶ የሚመጣው መብራት ስንት ማቀዝቀዣ ይዞ እንደሄደ ሁሉም ቀምሶ ያውቃል። አባባ ምሆኔም ሮጡ። ከግድግዳው ነቀሉት። ማሽኑ በባትሪው መሥራቱን ቢቀጥል ይባስ ደነገጡና ከጀርባው ያለውንም ገመድ መነጨቁት።

ተምዋ ስትመለስ ፈገግ ብለው በደጃፉ ላይ ጠበቋት።

«አዳንኩልሽ!»

«ምኑን አባባ?»

«ኮምፒዩተሩን ነዋ! ከፊትም ከኋላም ተሰክቶ ነበር፤ ሁሉንም ነቀልኩት።»

ምን ብላ ትወቅሳቸው? ጥፋቱን ለሁለት ብታካፍለው የእርሷ ድርሻ የሚበልጥ መሰላት። ገመዱን መልሳ ሰክታ አበራችው። የለመደችው ገጽ አልመጣም፤ በባዶ ጥቁር ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ትላለች።

የአባባ ምሆኔ ስልክ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ከአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የመጣውን መልእክት አነበቡ፤ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ምዌራ ነው ልጄ። ዛሬ ማታ ከደቡብ ይነሣል፤ ብርቱ ነፋስ ነው ይላሉ።»

«ሰው እንላክ?»

«ወደ የቱ ዳርቻ? ወደቡስ እሺ፣ እዚሁ ነው። ከኮረብታው ወዲያ ላሉት ማን በክንፉ ይድረስላቸው?»

ዎንጋኒ ከኮረብታው ወዲያ ነበር፤ ስልኩንም እንደ ልማዱ ቤቱ ትቶታል። ዝም ካለ አየሩ ሰላም ነው፤ ቃሉ በጆሮዋ አቃጨለ።

ተምዋ ተቀመጠች። ጥቅሎቹ እንደ አዲስ የቤት ዕቃ ናቸው፤ ከደጅ ገብተዋል፣ ቦታ ቦታቸውን ግን አልያዙም። የተጀመረውን እንዲጨርስ ማሽኑን የሚያዝ አንድ አጭር ትዕዛዝ አለ፤ ታውቀዋለች፣ ተጠቅማበት ግን አታውቅም። ስትጽፈው አንድ ፊደል ሳተች፤ ደግማ ጻፈች። መስመሮቹ ተንቀሳቀሱ። ወዲያውም ያ ያልተመለሰ ጥያቄ ብቅ አለ፤ የአንቺ ይቆይ ወይስ አዲሱ ይግባ? የቆመበትን ምክንያት አሁን ገና ተረዳች። የእርሷ እንዲቆይ መለሰች። መስመሮቹ ቀጠሉ፤ እንደ እርጉዝ ላም እየተጎተቱ።

«ስንት ይቀረዋል?» አሉ አባባ ምሆኔ።

«አይናገርም።»

«አንቺስ አታውቂም?»

«አላውቅም አባባ።»

«ፍጠን በይው እንጂ!»

«ቢሰማኝ ኖሮ እስካሁን ለምኜው አልነበር?»

ጀንበሯ ወደ ኮረብታው ጫፍ አዘነበለች። ተምዋ ነጩን ጽሑፍ እያየች አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ወዲያውም ፈራችው። የጎደለው የማሽኑ ልብስ ነው፤ መስኮቱና ሥዕሉ። ድምፅን የሚያስተላልፈው ክፍል ከዚያ ሁሉ በታች ነው፤ ምናልባት አልተነካም ይሆናል። ሊኑክስ ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ሥራውን ሳያቋርጥ ሁለተኛ ጥቁር ገጽ ይከፍታል። ነገር ግን ብትሳሳትና ሁሉንም ብታበላሸው? ዝም ብትልስ?

ሁለተኛውን ገጽ ከፈተች። ከማይክሮፎኑ የሚገባውን ተቀብሎ በቀጥታ ለማሰራጫው የሚያቀብል ትዕዛዝ ጻፈች። በክፍሉ መስኮት ደፍ ላይ ወዳለችው ትንሽ ሬዲዮ ዞረው አዳመጡ። ምንም የለም። ድምፁ ተዘግቶ ይሆን? ፈለገችው፤ ተዘግቶ ነበር። ከፈተችው። ትንሿ ሬዲዮ ጮኸች፣ ተንኮሻኮሸች፤ የአባባ ምሆኔ ሳል ከውስጧ ወጣ።

«ይናገሩ! ይናገሩ!»

«የሐይቁ ልጆች» አሉ፣ «ምሆኔ ነኝ። ዘፈን የለም፣ ሰላምታም የለም። ምዌራ እየመጣ ነው። ታንኳችሁን ወደ ላይ ሳቡ። ማንም እንዳይወጣ።» ደጋግመው አሉትና ማይክሮፎኑን ወደ ተምዋ ገፉት። በአየር ላይ ተናግራ አታውቅም።

«ቀኑን ዝም ያልነው» አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ኮምፒዩተራችን ታሞብን ነው እንጂ አየሩ ሰላም ሆኖ አይደለም። ዎንጋኒ ሎንግዌ፣ ሰምተሃል? አየሩ ሰላም ሆኖ አይደለም።»

ሬዲዮ መልስ አይሰጥም። በመስኮቱ ቁልቁል ሲያዩ ወደቡ ዳር ያሉ ሰዎች ታንኳዎቻቸውን በአሸዋው ላይ ወደ ላይ ይጎትታሉ። ከኮረብታው ወዲያ ያለው ግን አይታይም። የማንጎው ቅጠል መንሿሿት ጀመረ፤ ሐይቁም ጠቆረ።

አምፖሉ ብልጭ ድርግም አለ። አባባ ምሆኔ ተፈናጥረው ተነሡ፤ እጃቸው ሶኬቱ ጋ ደረሰ። ሽማግሌው እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱና ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ከመቀመጫቸው ስር ሸጉጠው ተቀመጡባቸው። መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ነጫጮቹ መስመሮች በባትሪው መውረዳቸውን ቀጠሉ።

የተምዋ ስልክ ጮኸ። የዎንጋኒ ስም ነበር። ቤት በቀረው ስልክ የደወለችው ሚስቱ ትሆን? ፈርታ አነሣችው።

«መርማሪዋ! ስሜን በአገር ፊት ጠርተሽ መሣቂያ አደረግሽኝ እኮ!»

«ቤት ነህ?»

«ታዲያ ስልኬ እግር አውጥቶ ሐይቅ ወረደ?»

ስልኩን በጆሮዋ እንደያዘች ወደ ማሽኑ ዞረች። የመጨረሻው መስመር ወርዶ ቆሟል፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄ የለም፤ ሰረዟ ብልጭ ትላለች። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እንደ ልማዷም መልሳ አነበበችው።

«ልጄ» አሉ አባባ ምሆኔ ከጨለማው ውስጥ፣ «እጄ ደነዘዘብኝ። አሁን ልነሣ?»

«ትንሽ ይቆዩ አባባ» አለች ተምዋ፤ «አንዴ ልድገመውና።»