ቀለበቷ የተረሳ ፊደል

ልጄ ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ ስትቀርጽ ያ የእንጨት ሽታ ይመጣና እጄን ከሥራዬ ያስቆመዋል። ወዳደግኩበት ሰፈር፣ ወደ ሆልምሊያ እመለሳለሁ፤ አሥር ዓመቴ ነው። የጎረቤታችን የአቶ ዮሴፍ በር ገርበብ ብሏል። እሳቸው መስኮቱ ሥር ቁጭ ብለው እርሳሳቸውን በሰንጢ ይቀርጻሉ፤ ፍቅፋቂው ባዶ የዓሣ ቆርቆሮ ውስጥ ይረግፋል። ውጭ በረዶው ሲወርድ ክፍሉ በነጭ ብርሃን ይሞላል፣ ሰዓቱም የቆመ ይመስለኝ ነበር።

«አቶ» ያለቻቸው እናቴ ናት። አይሁዳዊ ደራሲ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው መጽሐፋቸው አገራቸው ኦስትሪያ ውስጥ በናዚዎች ተቃጥሎባቸው ወደ ኦስሎ ተሰደዱ። እኔን፣ አንድ ፍሬ ልጅ፣ ኖርዌጂያኖች ሁሉ በተዉት በድሮው ወግ «አንቱ» ይሉኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት፣ «ያሳደጋቸው ይባረክ! አንቺም ተማሪ» አለችኝ።

ታዲያ በራቸውም ሆነ የፖስታ ሣጥናቸው ላይ ስም የለም። ደብዳቤያቸው ሁሉ እኛ ሣጥን ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን እናቴ፣ «ፖስትካሳቸው ላይ ስማቸውን ጻፊላቸው እንጂ፤ ጎረቤት አይደለንም?» አለችኝ። በትልልቅ የላቲን ፊደል ጽፌ ለጠፍኩ። አቶ ዮሴፍ ከደረጃው ሲወርዱ አዩት። ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ወረቀቱን በጥፍራቸው ልጠው አነሱት።

«በጦርነቱ ጊዜ ስሜን ከበር ላይ አንብበው ነው ሊይዙኝ የመጡት» አሉኝ ቀስ ብለው።

የእስረኞች ካምፕ ከተቷቸው። ጓደኞቻቸው በመርከብ ተጭነው ወደ ሞት ካምፕ ሲወሰዱ እሳቸው የቀሩት ሚስታቸው አይሁዳዊ ያልሆኑ ኖርዌጂያን ስለነበሩ ብቻ ነው። በእርሳስ ሲጽፉት የኖሩት ያንን ነበር። ስማቸውን ግን አያሰፍሩበትም። «ስም የሌለው መጽሐፍ በሩን የሚያንኳኳበት የለም» ይሉ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ደክመውበት የማንም ሳይሆን እንዳይቀር ፈራሁላቸው።

እያለቀስኩ ለእናቴ ነገርኳት። እንባዬን ጠረገችልኝና፣ «በኛ ፊደል ጻፊላቸዋ! ዮሴፍ እንደሆነ የኛም ስም ነው። እዚህ ማን ያነበዋል?» አለች።

ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ብዙ ጊዜ አዩት። «ይህ እኔ ነኝ?» አሉና ሳቁ፤ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሣጥኑ ላይ በገዛ እጃቸው ለጠፉት። ከዚያ በየሳምንቱ አስተማሪያቸው ሆንኩ። «ሴ» አስቸገረቻቸው፤ «እግሯ ላይ ቀለበት አላት» እላቸዋለሁ፣ መልሰው ይረሷታል። ፖስተኛውን እንደሆነ ፊደል ማን ያስቆጥረው፤ ደብዳቤያቸውን እኛ ጋ መክተቱን አልተወም።

አቶ ዮሴፍ ሲያርፉ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። የእህታቸው ልጅ ያን የወረቀት ክምር ታቅፋ እናቴ ቤት መጣች።

«የሚያትመው አግኝቻለሁ» አለችኝ። «ግን ስማቸው እንዲወጣ ይፈልጉ እንደሆነ አላውቅም። የትም አልጻፉትም። መጀመሪያው ገጽ ላይ ይሄ ጌጥ ብቻ ነው ያለው።»

አየሁት። በእርሳስ የተጻፉ ሦስት የተንጋደዱ ፊደሎች፤ «ዮሰፍ»። ቀለበቷን ዛሬም ረስተዋታል።

«ጌጥ አይደለም» ለማለት ሞከርኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ። «ስማቸው ነው። ጽፈውታል።»

መጽሐፉ ያ ገጽ እንዳለ ታተመ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከመደርደሪያው አውርዳ ገለጠችው።

«ማማ፣ ይሄ ተሳስቷል እኮ፤ ሴዋ ቀለበት የላትም» አለችኝ። አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይዛለች። «ላርመው?»

«ናይ፣ ተይው» አልኳት። «ስማቸውን የጻፉት እንደዚያ ነው።»