በወንዝ ዳሩ ቤት ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ጀሶ

ፊት ለፊቴ ቆሞ ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው፤ ግንብ የተማርኩት ደግሞ ሌሎች የሠሩትን እያፈረስኩ። እንዲያም ሆኖ በደርግ ዘመን ከጎፋ እስከ ሀና ማርያም አጥሩ የዘመመበት፣ ጣሪያው የሚያፈስበት ሁሉ የሚልከው ወደ እኔ ነበር። ዲፕሎማ ያላቸው ልጆች ለክተውና ደምረው የሚደርሱበትን እኔ በዓይኔ ብቻ እደርስበታለሁ። «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። አንዳንዱ ለማሾፍ እንደሚለው አውቃለሁ፤ ቢሆንም አቤት እል ነበር። ከሠራሁት ግንብ ዛሬም አንድ የዘመመ የለም። ይህን የምጽፈው ግን ስላስፈረስኩት ቤት ነው።

ቤቱ ከላፍቶ ቁልቁል ሲወርዱ ወንዙ ዳር፣ በተከለለው ደን ውስጥ ነበር። ከአብዮቱ በፊት አንድ ባለጸጋ ለእሑድ መዝናኛ ያሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ ሰፊ በረንዳው ወደ ውሃው ያያል። ትርፍ ቤት ሲወረስ ባለቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ደኑ ዛፍ የማይቆረጥበት፣ ቤት የማይሠራበት የመንግሥት ክልል ስለሆነ ቀበሌውም ለማንም አላከራየውም። ለዓመታት ባዶውን ቆመ። ባዶውን ስል፣ ከጋሞ የመጡ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ከሚስታቸው ጋር ከኋላ ባለችው ክፍል ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ጴንጤዎች ናቸው። በዚያ ጊዜ መዝሙር ያስጠይቅ ስለነበር፣ ወንዙ ሞልቶ ሲጮህ ጠብቀው ይዘምሩ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት በቀበሌው ስብሰባ የቤቱ ጉዳይ ተነሣ። ገሚሱ «መዋዕለ ሕፃናት ይሁን» አለ፤ እንዲያ ከሆነ ሽማግሌው ከነሚስታቸው እዚያው ይቀራሉ። የደን ሰዎች ደግሞ ፈርሶ ቦታው ችግኝ እንዲተከልበት ይፈልጋሉ። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ጓድ፣ አንተ ምን ትላለህ? ሕፃናት ቢገቡበት አያሰጋም?»

ቤቱን ያየሁት አንድ ጊዜ በዚያ ሳልፍ ነው። በወንዙ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ከመስኮቱ እስከ መሠረቱ የሚወርድ ስንጥቅ ነበረበት። ተነሣሁና፣ «መሠረቱን ውሃ በልቶታል። ይህ ክረምት ሳይወጣ ይወድቃል!» አልኩ።

«ሳትለካው?» አለ አንዱ ከኋላ።

«እኔ ካየሁት በቂ ነው።»

«እሱ ካየውማ ግድግዳው ራሱ ደንግጦ ይወድቃል!» አለች አንዲት ጉልት ነጋዴ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሊቀመንበሩ ውሳኔው ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ አለ።

በማግስቱ ሽማግሌው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቤቴ መጡ።

«ኢንጂነር፣ እርስዎ ያውቃሉ። ግን ያንን ስንጥቅ ሳየው ስንት ክረምት አለፈ፤ አልሰፋም። እባክዎ በደንብ ይዩልኝ። መሄጃ የለንም።»

አብሬያቸው ወረድኩ። እኛ ግንበኞች ስንጥቅ ስንጠራጠር በላዩ ቀጭን ጀሶ አጋድመን እንለጥፋለን፤ ቀኑንም በሚስማር እንጭርበታለን። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ለሁለት ይከፈላል፤ ካልተንቀሳቀሰ እንዳለ ይቀራል። ለጠፍኩና «ማንም እንዳይነካው» ብዬ አስጠነቀቅኳቸው። ዝናብ እንዳያገኘው ከላዩ ሚስማር መትተው ማዳበሪያ ሰቀሉለት።

መስከረም ሲጠባ ሄድኩ። ሚስትየዋ ገበያ ናቸው፤ እሳቸው ውሃ ሊቀዱ ወርደዋል። ማዳበሪያውን ገለጥኩ። ጀሶው እንደለጠፍኩት ነው። የፀጉር ያህል መስመር የለበትም። ወንዙ ክረምቱን ሙሉ ሲያገሳ ግድግዳው ንቅንቅ አላለም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለእኔ የታየኝ ግን አዳራሹ ነው፤ ያቺ ጉልት ነጋዴ፣ ያ ሳቅ፣ ከእንግዲህ «ኢንጂነር» ሲሉኝ የሚሉበት ድምፅ። መዶሻዬን አውጥቼ አንዴ መታ አደረግኩት። ለሁለት ተከፈለ።

ሽማግሌው ጀሪካን ተሸክመው ብቅ አሉ። ጀሶውን አዩ። ከዚያ እኔን ሳይሆን ቀና ብለው ማዳበሪያው የተሰቀለበትን ሚስማር አዩ።

«ትናንት ደህና ነበር» አሉ። ጀሪካኑን አስቀምጠው፣ «ዛሬ ጠዋት ማዳበሪያውን ንፋስ ጥሎት ሚስማሩን እንደገና መታሁት። እኔ ነኝ እንዴ ያሰነጠቅኩት፣ ኢንጂነር?»

«አይንኩት ብዬዎት ነበር» አልኩ።

«ሌላ ቢለጥፉልንስ?»

«ክረምቱ አለፈ እኮ፤ አሁን ምን ሊያሳይ?»

በስብሰባው ጀሶው መሰንጠቁን ብቻ ተናገርኩ። ሽማግሌው ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር፤ አልተነሡም። ቤቱ እንዲፈርስ ተወሰነ።

ለማፍረስ የቀበሌው ሰው በሙሉ ወጣ። ጣሪያው በአንድ ቀን ወረደ። በወንዙ በኩል ያለው ግድግዳ ግን ዲጂኖ እያጠፈ ለቀናት አስቸገረ። ጉልት ነጋዴዋ ላቧን እየጠረገች፣ «ኢንጂነር፣ ና እስቲ አፍጥጥበት፤ ምናልባት ይወድቅልናል!» አለችኝ። ሁሉም ሳቀ። በመጨረሻ መሠረቱ ሲቆፈር አለት ላይ አርፎ አገኘነው። ስንጥቁ የልስን ብቻ ነበር። እንደዚያ ያለ መሠረት እኔ ራሴ ጥዬ አላውቅም።

ሽማግሌውና ሚስታቸው መካኒሳ አቦ አካባቢ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራዩ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ፣ እዚያው መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ከዘራ ይዘዋል። ፊቴን ላዞር ስል አወቁኝ።

«ኢንጂነር! ስፈልግዎት ነበር። ይቅርታ ሳልጠይቅዎት እንዳልሞት ብዬ።»

«የምን ይቅርታ አባባ?»

«የዚያ ጀሶ ነዋ። ሚስማሩን ባልመታ ኖሮ እውነቱን ያዩ ነበር። ሥራዎን አበላሸሁ። ባለቤቴንም ከዚያ ቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ። እስክታርፍ ድረስ አልነገርኳትም፤ አፈርኩ።»

ሰው ይተላለፋል። ልናገር ብል ጊዜው ነበረኝ፤ ቃሉም ነበረኝ።

«ያለፈ ነገር ነው አባባ» አልኳቸው። «ይቅር ብዬዎታለሁ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ፤ እጄን፣ መዶሻ የያዝኩበትን እጄን፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው።