የጎረቤቴ ግድግዳ

ደብረ ብርሃን በመምህርነት በተቀጠርኩ በሁለተኛው ክረምት፣ የጎረቤቴ የአቶ ገብሬ የጭቃ ግድግዳ ልጆች ወደሚያልፉበት መንገድ አዘነበለ።

“ሰው ላይ ሳይወድቅ ያስደግፉት እንጂ” ብላቸው፣ “አባቴ የሠሩት ነው፤ አይወድቅም” አሉኝ።

ስለዚህ “የጎረቤቴ ግድግዳ ሊወድቅ ነው” ብዬ ለማዘጋጃ ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። “ነገ ይምጡ” እየተባልኩ ሦስት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ተቆጣጣሪ ከወንበሩ ተነሥቶ ጨበጠኝ።

“ለመንደሩ ደኅንነት ስላሰቡ እናመሰግናለን። ሐሙስ ይፈርሳል” አለኝ።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ የአቶ ገብሬ ግድግዳ እንዳዘነበለ ቆሟል። የእኔ ቤት ግን ከነጣሪያው ወርዷል። አራሷ ባለቤቴ በዚያ በኅዳር ውርጭ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ደጅ ተቀምጣለች። አቶ ገብሬ አጠገቧ እሳት ያቀጣጥላሉ።

“አፍራሾቹን ቤት ተሳስታችኋል ብላቸው፣ ትእዛዝ ነው አሉኝ” አለች እያለቀሰች።

ሮጬ ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። “የማንን ቤት ነው ያፈረሳችሁት?” ብዬ ጮህኩ።

ተቆጣጣሪው ማመልከቻዬን አገላብጦ አየው።

“እዚህ ላይ ያገኘነው ስም የእርስዎ ብቻ ነው፣ መምህር” አለኝ። “ፍርስራሹን ግን እስከ ቅዳሜ ያንሡ፤ መንደር ያቆሽሻል።”