ቲኬት ሻጯ ለምን ትጠብቃለች?

ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ የፊልም ሠሪዎች ከተማ ቡርባንክ ውስጥ ያለችው የአይኔዝ ቁርስ ቤት ገና ስትከፈት ቀድመው የሚገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሎርና ፕሩዊትና ዌንደል ኦክስ። ሎርና ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ዌንደል ሰባን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሲጠየቅ ግን "ስልሳዎቹ ውስጥ ነኝ" ይላል። በመስኮቱ በኩል ያለውን ጠረጴዛ ይይዙና ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሷ እንቁላል፣ እሱ ፓንኬክ ያዛሉ። ከዚያ ዌንደል የፊልም ሰዎችን ጋዜጣ ዘርግቶ "በዚህ ሳምንት የተሸጡ የፊልም ጽሑፎች" የሚለውን አምድ ጮክ ብሎ ያነባል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ማክሰኞ አላጓደሉም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ሎርና ጉንፋን የጣላት ጊዜ እንኳ ተጠቅልላ መጥታለች።

"ስሚ እንግዲህ" አለ ዌንደል፣ አንድ የነሐሴ ማክሰኞ። "አንድ ዳኛ ይሞታል። ሲነቃ ራሱ የፈረደበት ሌባ ቤት ውሻ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። በስድስት መቶ ሺህ ዶላር ተሸጠ።"

"ሌባው ያውቃል?"

"ምኑን?"

"ውሻው ዳኛው መሆኑን ነዋ!"

"እሱን ጋዜጣው አይልም።"

"እንግዲያው ገና አልተጻፈም ማለት ነው" አለች ሎርና። "ለሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ያስጽፉታል። መጀመሪያ ሌባው ቆንጆ ሴት ይሆናል። ቀጥሎ ዳኛው ወጣት ይሆናል። በመጨረሻ ውሻውን ያወጡታል።"

"ውሻው ከወጣ ምን ቀረ ታዲያ?"

"ስድስት መቶ ሺው ዶላር!"

ዌንደል እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥሎ በፕሬዚዳንቱ ጥርስ ውስጥ የተደበቀ ድምፅ መቅጃ ስላገኘች የጥርስ ሐኪም አነበበላት፤ ሎርና እሷንም ልክ ልኳን ነገረቻት። ከዚያ ተራው የሱ ሆነ።

"የአንተስ ሰርጓጅ መርከብ? ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ! አየር አላጠረውም?"

ዌንደል የሰርጓጅ መርከብ ፊልም እየጻፍኩ ነው ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመቱ ነበር። አንዲት ገጽ አሳይቷት ግን አያውቅም። "ይወጣል፣ ይወጣል" አለና ፓንኬኩን በሹካ ይቆራርጥ ጀመር። "ሞርት መደርደሪያውን እያጸዳ ነው አሉ። እስከ ወሩ መጨረሻ አንድ ነገር ካልሸጥኩ ይለቀኛል።" ሞርት ጽሑፉን የሚሸጥለት ወኪሉ ነው። በዚያ ከተማ ወኪል የሌለውን ጸሐፊ ጽሑፍ የሚቀበል ፖስታ ቤት ብቻ ነው። ሎርና የሱን ፓንኬክ በራሷ ሹካ ወግታ በላች።

የሎርና መተዳደሪያ ማንበብ ነው። ፊልም ሠሪ ድርጅት ውስጥ ከአለቆቹ ፎቅ በታች የምትሠራ ሴት ናት። በዚያ ዘመን ጽሑፍ አርብ ተልኮ ሰኞ ይሸጥ ነበር። ወኪሎች አርብ ከሰዓት ጽሑፉን በየቢሮው ያዘንባሉ፣ አለቆች ቅዳሜና እሑድ ቴኒስ ይጫወታሉ፣ የሚያነቡት እንደ ሎርና ያሉ ናቸው። አንብበው አንዲት ገጽ ይጽፋሉ፤ ከላይ ፍርዱን ያስቀምጣሉ። "ይገዛ" አለ፣ "ይታሰብበት" አለ፣ "ይለፈን" አለ። ሎርና በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ "ይገዛ" ያለችው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነው። ስሟ አንድም ፊልም ላይ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ልማድ ግን ነበራት። ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ ሽፋኑ ላይ የአንድ ዝነኛ ሰው ስም አይታ የማይረባ ጽሑፍ አሞገሰች፤ ኋላ በሃፍረት ልትሞት ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ስታወጣ ዐይኗን ጨፍና ሽፋኑን ትገነጥልና የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች። አንብባ፣ ፍርዷን ጽፋ ስትጨርስ ብቻ አውጥታ ትመልሰዋለች። ስም አይቶ ማንበብና ሙሽራን በጥሎሽ መውደድ አንድ ነው ትላለች። ዌንደል በዚህ ሲያሾፍባት "ያንቺ መሳቢያ ስንቱን ባለስም ከሹካ ጋር አስተኝቷል!" ይል ነበር።

ባሏ ሞቶ ሦስት ዓመት እንደሆናት ነው ከዌንደል ጋር የተገናኙት፤ እዚያው አይኔዝ ቤት። እሱ ከጀርባዋ ተቀምጦ ጋዜጣውን እያነበበ ብቻውን ሲያጉረመርም፣ እሷ ዞር ሳትል መለሰችለት። እሱ መልሶ መለሰላት። እንቁላሏን ይዛ ጠረጴዛ ቀየረች። ከዚያ ወዲህ ያለውን ነገር ስም አላወጡለትም። ማክሰኞ ነው፣ በቃ።

ያን ሳምንት አርብ ሎርና አራት ጽሑፍ ይዛ ቤቷ ገባች። ሽፋኖቹን እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ ቅዳሜ ጠዋት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ሦስተኛውን ጀመረች።

ሐይቅ ላይ የምትመላለስ አንዲት ጀልባ አለች። ነጂው ሽማግሌ ነው። ወደቡ ላይ በትንሽ መስኮት ቲኬት የምትሸጥ ሴት አለች። ሰውየው በየቀኑ ምሳ ሰዓት መስኮቷ ጋ ቆሞ ዳቦውን ይበላል፣ ሁለቱ ተሳፋሪውን እያዩ ያማሉ። ማን ከማን ይሸሻል፣ ማን ለማን ይዋሻል። ሳቅ ነው። ይህ ዓመታት ይሄዳል። ሰውየው ይወዳታል፣ ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ ጡረታ ወጥቶ ልጁ ጋ ሊኖር በጀልባዋ ይሻገራል፤ እሷም እጇን ታውለበልባለች። አለቀ።

ሎርና ገጽ ስልሳ ላይ አለቀሰች። ገጽ መቶ አራት ላይ ግን ደሟ ፈላ። "ምን ዓይነቱ ዱዳ ነው!" አለች ባዶ ወጥ ቤት ውስጥ። እውነትም ነው፤ የኛ ሰው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው። በዚያው ንዴቷ የጽሕፈት መኪናዋን ሳበች።

"ይለፈን" ብላ ከላይ መታች። "ጸሐፊው ሐይቁን ያውቃል፤ የሴትዮዋንም እጆች ያውቃል። ጨዋታቸው ከልብ ያስቃል። ሰውየው ግን መቶ አራት ገጽ ሙሉ ቆሞ ዳቦ ከመብላት በቀር ያደረገው የለም። ከሱ የባሰችው ሴትዮዋ ናት። ለምን ትጠብቃለች? ጸሐፊው አይነግረንም፤ የሚያውቅም አይመስለኝም። ወይ ሰውየው ይናገር፣ ወይ ሴትዮዋ መስኮቷን ትዝጋ።"

ወረቀቱን ከመኪናው አውጥታ፣ ረክታ፣ መሳቢያውን ከፈተች። ሽፋኑ ላይ "ዌንደል ኦክስ" ይላል።

ሎርና ክው አለች። ሰርጓጅ መርከብ የሚባል ነገር ኖሮም አያውቅ! መጀመሪያ የታያት ሞርትና መደርደሪያው ነው። ይህ የዌንደል የመጨረሻ ጽሑፍ ነው፤ እሷ ደግሞ በገዛ እጇ ገደለችው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣ በአፏ ያልወጣው በጣቷ ወጣ።

እሑድ እንደገና አነበበችው። አሁን ስሙን እያወቀች ስታነብ ሁሉም ነገር በዌንደል ድምፅ ይሰማት ጀመር። ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ ቲኬት ሻጯ ስትስቅ መነጽሯን ታወልቃለች፣ በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች፣ መልሳ ስታደርገው ከበፊቱ ይብስ ይቆሽሻል። ሎርና በዚህ ስትስቅ እጇ መነጽሯ ላይ ነበር። እጇን እዚያው አቆመችው። ሰው የራሱን ማጅራት በምን ያየዋል? ትናንት ሙሉ ቀን የሰደበቻት ሴትዮ ራሷ ነበረች። የጀልባው ሰው ማን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባት፤ እንባዋ ይወርድ ጀመር፤ ደስታ ይሁን ኀዘን ለይታ አላወቀችውም።

አንድ ወረቀት መኪናው ላይ ጨመረችና "ይገዛ" ብላ መታች። ሁለተኛ ዘገባ ጻፈች፤ ያማረ፣ የተሽሞነሞነ። ሲያነቡት ያምራል፤ ውሸት ነው። መጨረሻው አሁንም መጨረሻ አልነበረም። ሁለቱንም ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄደች።

አለቃዋ ኪፕ የሠላሳ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ሲቀመጥ አይተኸው አታውቅም።

"ኪፕ፣ የአንዱ ጽሑፍ ባለቤት ወዳጄ ነው። ለሌላ አንባቢ ስጠው።"

"ስብሰባው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው ሎርናዬ! ከየት አመጣለሁ ሌላ? ምን አልሽበት?"

እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። ሁለቱም ወረቀት በጣቷ መሃል ነበሩ። ዌንደል በሕይወቱ ስንት ሰው እንዳሞገሰውና ስንት ሰው እንደዋሸው አሰበች። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ፊት አንድም ቀን ያላመነችበትን ተናግራ አታውቅም፤ ጠረጴዛው ላይ የነበራቸው ሀብት ያ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን አወጣች።

"ይለፈን" ብሎ አነበበ ኪፕ። "ተመስገን፣ አንድ ቀነሰልን!" ጽሑፉን ሳያየው የሚመለሱት ክምር ላይ ወረወረው። ሎርና መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ታጠበች።

ማክሰኞ ከሁልጊዜው ቀድማ ደረሰች። አይኔዝ ሳትጠየቅ ሁለት ሲኒ አስቀመጠች። ሰዓቱ ደረሰ፤ ዌንደል የለም። አምስት ደቂቃ ሄደ፣ አሥር ደቂቃ ሄደ። አሥራ አንድ ዓመት አርፍዶ አያውቅም። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ሎርና ለራሷ "እንግዲህ ቀረ" አለች። ለካ ሳምንቱን ሙሉ የምትኖረው ለዚህች ጠዋት ኖሯል። ይህን ለማወቅ እሱ መቅረት ነበረበት?

"ያ ሽማግሌ ሞተ እንዴ?" አለች አይኔዝ፤ አፏ እንደዚያ ነው።

"እኔ እንጃ" አለች ሎርና። እንቁላሏ ቀዘቀዘ።

ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ በሩ ተከፈተ። ዌንደል ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ ቆርጦታል። ጋዜጣውን ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ዘረጋው።

"ስሚ እንግዲህ። ሁለት የተጣሉ ኬክ ጋጋሪዎች በረዶ ተራራ ላይ..."

"ዌንደል፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"ይለፈን ያልኩት። እኔ ነኝ ያነበብኩት።"

ዌንደል ጋዜጣውን አጠፈ። "አውቃለሁ" አለ። "ሞርት ዘገባውን ከቢሮሽ ተቀብሎ ትናንት በስልክ አነበበልኝ። ገና 'ዳቦ ከመብላት በቀር' ሲል፣ በቃ ሞርት፣ ይህችን ሴትዮ አውቃታለሁ አልኩት። ከአንቺ ሌላ እንዲህ አሳምሮ የሚሰድበኝ ማን አለ?"

"ለቀቀህ?"

"ለቀቀኝ። እንኳን ለቀቀኝ! ሃያ ዓመት ስልኬን ያነሳው ሁለት ጊዜ ነው።"

"ሌላም ጽፌ ነበር። ይገዛ የሚል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው" አለች። "ይቅር በለኝ። እሱን ልሰጥልህ ይገባኝ ነበር።"

"ሎርና፣ እሱን ሰጥተሽ ቢሆን ዛሬ ምን ብዬ አምንሻለሁ? ጥሩ ነው ስትይኝ ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" ሲኒውን ይዞ ያዞረው ጀመር። "ደግሞ ልክ ነሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ መጨረሻው አልመጣልኝም። ሰውየው ለምን እንደሚመጣማ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ለምን እንደምትጠብቅ ነው ያጣሁት። ቆንጆ አይደለም፣ ገንዘብ የለው፣ ፈሪ ነው። ብጠይቃት ትስቅብኛለች ብዬ ጻፍኩት።" ቀና አለ። "አንቺ ጠየቅሽኝ ደግሞ። እኔ ከማን ልስማው? ለምን ትጠብቃለች?"

ሎርና መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አልሳቀችም።

"ስለሚመጣ" አለች። "ሌላው ሁሉ እመጣለሁ ይላል። እሱ ይመጣል።"

"ይበቃታል?"

"ዛሬ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻዋን ስትቀመጥ አልበቃትም። ጨርሶ አልበቃትም።"

"መኪናው ውስጥ ነበርኩ" አለ ዌንደል። "እዚያው ማዶ። ምን ብዬ እንደምጀምር እያጠናሁ። አሥራ አንድ ገጸ ባሕርይ እንዲህ ሲል ጽፌያለሁ፣ ለራሴ ሲሆን..." ጋዜጣውን ገፋ አደረገው። ከዚያ፣ ባለቀ ሰዓትም ቢሆን፣ ወንድ ሆነና "እወድሻለሁ" አለ። "ከመጀመሪያው ማክሰኞ ጀምሮ። ጠረጴዛ የቀየርሽ ዕለት።"

"አንተ የተረገምክ!" አለች ሎርና እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች። "መቶ አራት ገጽ!"

"ይለፈን ነው?"

ሎርና ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች፤ ዌንደል ልትሄድ መስሎት ፊቱ አመድ ሆነ። ዞራ ሄዳ ከሱ በኩል፣ ከጎኑ ተቀመጠች። ትከሻዋ ትከሻውን ነካ። እጁን ከሲኒው ላይ አንስታ ያዘችው።

አይኔዝ ትኩስ ቡና ይዛ መጣችና ሁለቱ በአንድ ወገን ተጣብበው፣ ማዶው ባዶ ሆኖ ስታይ ግራ ገባት።

"ምነው፣ ሰው እየጠበቃችሁ ነው?"

"አይ" አለች ሎርና። "ማንንም አንጠብቅም።"