እንግሊዝኛ ይሞቃል ወይ?

ሸራ ነበር የጠየቅነው። ከወለጋ ተፈናቅለን ደብረ ብርሃን መጠለያ ከገባን ወዲህ ድንኳናችን ክረምት ተፈራርቆበት ተበሳስቷል፤ የኅዳር ውርጭ ሳይገባ ሸራው ይቀየርልን ብለን በኮሚቴያችን በኩል አመለከትን። ጥቅምት ላይ መልስ መጣ። እንግሊዝኛ ተፈቀደልን።

መሠረታዊ ሰዋስውና የሥነ ጽሑፍ ቃላት፣ ለአንድ ወር። የረድኤት ድርጅቱ ሰው ወፍራም ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ «ቋንቋ በር ይከፍታል» ሲል አስረዳን። እኛ ያለን በገመድ የሚታሰር መጋረጃ ስለሆነ፣ የሚከፈተው በር የት እንዳለ አልጠየቅነውም። ሸራው በሌላ በጀት እየታየ ነው፣ በትዕግሥት ጠብቁ አለን። ብርድ ልብስ እየሠራ ለአገር በሚያከፋፍል ከተማ ጫፍ ላይ ተቀምጠን፣ እየተንቀጠቀጥን አጨበጨብን።

ለአማቴ ስነግራቸው ከተኙበት ቀና ብለው «እንግሊዝኛ ይሞቃል ወይ?» አሉኝ።

ብርዱ አስቀድሞ የያዘው እሳቸውን ነው። ቡና ጥላ ሥር በነጠላ ውለው የሚገቡ ሴት ነበሩ፤ እዚህ ከመጡ ወዲህ ሁለት ጋቢ ደርበውም ሳሉ አልለቃቸው አለ። ባለቤቴ የቀን ሥራ ፍለጋ አረርቲ ስለወረደ ጤና ጣቢያ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳምጦ ሲያበቃ «ውርጩ በዚህ ሁኔታ ካገኛቸው ያሰጋኛል፤ ከብርድ ይጠበቁ» አለኝ። በምን እንደሚጠበቁ ግን ማዘዣው ላይ አልጻፈውም።

ስለዚህ ተመዘገብኩ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ኮርሱ ሲያልቅ ገንዘቡን የሚሰጡት ፈረንጆች ይመጣሉ፣ ከተማሪዎቹም አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ንግግር ያደርግላቸዋል ተብሏል። ከዚያ በፊት የመጡትን እንግዶች አውቃለሁ። እኛ እንባችን እስኪመጣ ስንዘረዝር አስተርጓሚው በሦስት ቃል ይጠቀልለዋል፣ ፈረንጁም ፈገግ ብሎ ወደሚቀጥለው ድንኳን ይሄዳል። በቀጥታ ከነገርኳቸው ሸራው ይመጣል ብዬ አመንኩ። ስምንተኛ ክፍል ደርሼ ያቋረጥኩ ስለሆንኩ ፊደሉ አልገደደኝም።

አስተማሪያችን የአንኮበር ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ትሁት፣ መጽሐፉን እንደ እንቁላል የሚይዝ። መጽሐፉን ያዘጋጁት ሰዎች ቤት ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አይ ሊቭ ኢን ኤ ቢግ ሃውስ» የሚል ነበር። እህል በሚታደልበት ድንኳን ውስጥ ተደርድረን፣ ሽማግሌ አሮጊቱ ሳይቀር፣ ትልቅ ቤት ውስጥ እንደምንኖር በአንድ ድምፅ መሰከርን። ከዚያ ናውን መጣ፣ ቨርብ መጣ። ያለፈ ጊዜ ሲመጣማ ምሳሌ ያጣ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወደ ሥነ ጽሑፉ ገባን። ምሳሌ ከራሳችሁ ኑሮ አምጡ አለን። እጄን አውጥቼ «ድንኳናችን ወንፊት ነው» አልኩ።

«ሜታፎር! ተለዋጭ ዘይቤ!» ብሎ በደስታ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ብርዱ ይናከሳል» አለች። «ፐርሶኒፊኬሽን! ሰውኛ ዘይቤ!» አለ። ከኋላ የተቀመጡ ሽማግሌ ደግሞ «እኔ ክረምቱን ከመኝታዬ ላይ ውሃ በባልዲ ስቀዳ ነው የከረምኩት» አሉ።

«ሃይፐርቦል። ማጋነን ማለት ነው፣ አባቴ።»

«ባልዲውን ላምጣልህ?» አሉት።

ልጁ ጠመኔውን አስቀመጠ። ፊቱ ቀላ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ችግራችን በሙሉ ስም ወጥቶለት ሰሌዳው ላይ ተደርድሮ ነበር፤ እሱም ዞር ብሎ አንድ በአንድ አነበበው። በዕረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣና «እትዬ፣ ንግግሩን እርስዎ ያድርጉት። የሚሉትን ይንገሩኝ፣ እኔ አስተካክላለሁ» አለኝ። ያን ዕለት ወደድኩት።

አራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጀን። ድንኳናችን ተበሳስቷል። አማቴ ታመዋል። ውርጩ እየመጣ ነው። እባካችሁ ሸራውን አሁን ቀይሩልን። ቧንቧው ጋ ወረፋ ስጠብቅ፣ ልብስ ሳጥብ፣ ሽሮ ሳማስል እሱኑ ስደጋግም ከረምኩ። አማቴም በሳላቸው መሀል «ፕሊዝ» ማለት ለመዱ።

ቀኑ ደረሰ። ከድንኳናችን የሚሰፋ ባነር ተሰቀለ፤ የእንግሊዝኛ ጽሑፍና አርማዎች ተደርድረውበታል፣ መጠለያው ውስጥ ማንም የማያውቃት ሴት ትስቅበታለች። የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ ከመክፈቻው የሚረዝም አጭር መልእክት፣ ለስላሳ መጠጥ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። አራቱንም አንድ ቃል ሳልስት ተናገርኩ። አስተርጓሚው እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ዋናዋ እንግዳ ሽበታም ፈረንጅ ናቸው፤ ዓይን ዓይኔን እያዩ ሰሙኝ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀር አየሁ። ገባቸው ብዬ ልቤ ዘለለ።

ተነሥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ዩር ኢንግሊሽ ኢዝ ቬሪ ጉድ!» አሉ። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ።

የሸራውን ነገር ደግሜ በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው።

«ቬሪ፣ ቬሪ ጉድ!»

አስተርጓሚው ያልገባኝ መስሎት ጠጋ አለና «እንግሊዝኛሽ በጣም ጥሩ ነው እያሉሽ ነው» አለኝ። አንዲት ቃል ሳይቀንስ ሲተረጉም ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰርተፍኬት ሰጡኝ። በላስቲክ የተለበጠ ነው፤ ነፋስም ውሃም አያስገባም። ምን ያደርጋል፣ ስፋቱ አንዱን ቀዳዳ እንኳ አይደፍንም። ለፎቶ ሳቂ ተባልኩ፣ ሳቅሁ። መኪኖቹ ሲሄዱ ግን ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሴትዮዋ ክፉ ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር፣ ቢያንስ የምረግመው አገኝ ነበር። በአማርኛ ያልተሰማሁ በእንግሊዝኛም ካልተሰማሁ፣ ከዚህ ወዲያ በምን ቋንቋ እንደምጮህ ጠፋኝ።

አስተማሪያችን ወንበር ላይ ቆሞ ባነሩን እያወረደ ነበር። ጫፉ እግሬ ሥር ወደቀ። በእጄ ዳሰስኩት። ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አንድም ቀዳዳ የለበትም። የተረፈችኝን እንግሊዝኛ አውጥቼ «ፕሊዝ» አልኩት።

ባነሩን አየው፣ እኔን አየኝ። ፈርሞ ያወጣው ዕቃ ነው፣ ቢሮ መመለስ አለበት። አጣጠፈውና ክንዴ ላይ አስቀመጠልኝ።

«የጣርማ በር ነፋስ ወሰደው እላለሁ» አለ።

አማቴ በሚተኙበት በኩል ያለውን ቡትቶ ሸራ ከጎረቤቶቼ ጋር አንሥተን በምትኩ ባነሩን ወጠርነው። እውነተኛው ሸራ እስከ ዛሬ በሌላ በጀት እየታየ ነው። የመጀመሪያው ውርጭ በጣለ ማግስት ፀሐይ ስትወጣ፣ ፊደሎቹ ከውስጥ በኩል ተገልብጠው ይታዩ ጀመር። አማቴ በጀርባቸው ተኝተው ወደ ላይ እያዩ «ምን ይላል?» አሉኝ።

«እንግሊዝኛ ለተመረቃችሁ እንኳን ደስ አላችሁ ይላል፣ እማማ።»

ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«ይሞቃል ለካ» አሉ። ከዚያ ሳላቸው መጣ፤ ደረታቸውን ደግፌ እስኪያልፍላቸው ጠበቅሁ።